ክሩዙ ዳሩን ሊገጭ ነው ወይስ መንገዱን ይዞ ነው?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ሰዎች ባሕር ዳር ፎጣ ዘርግተው ተኝተዋል። ከፊታቸው ሃያ ፎቅ የሚያህል ነጭ ነገር ቀስ እያለ ያልፋል። ክሩዝ ነው፤ ለሽርሽር የወጡ መንገደኞችን የሚያዞረው ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ። የሚያየው ሰው ሁሉ የሚለውም ተመሳሳይ ነው፦ «ካፒቴኑ ጤነኛ ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። መርከቡም ያለው መሆን ባለበት ቦታ ነው። ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የሚፈራው ቅርበቱን ነው። መርከቡን የሚነዱት ሰዎች ግን ቅርበቱን ቀድመው ያውቁታል፤ ተለክቶ ካርታ ላይ የሰፈረ ነገር ነው። እነሱን የሚያስጨንቃቸው ነፋሱ፣ ከሥር ያለው ውሃና ፍጥነቱ ነው። በተለይ ፍጥነቱ። «ዝግ ብለው ቢሄዱ ምን አለበት?» የሚለው ምክር ባሕር ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ከገባን ሌላው ሁሉ ይቀለናል።

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እስከ ዳር ድረስ ይጠጋሉ?

ባሕር ከላይ ሲያዩት ያታልላል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውሃ ስለሚታይ ሁሉም ቦታ የሚኬድበት ይመስላል። በብዙ ወደቦች ግን የተፈጥሮው ጥልቀት ለትልቅ መርከብ አይበቃም። ስለዚህ ከወለሉ ላይ አሸዋና ደለል በማሽን እየተዛቀ ከውሃው ሥር ቦይ ይቆፈራል። ደለሉ ስለሚመለስም ሥራው አያልቅም፤ በየጊዜው ይደገማል። ለመርከቡ መንገዱ ይህ ቦይ ብቻ ነው። ከቦዩ ወጣ ካለ ሆዱ መሬት ይነካል።

በ2024 ሥራ የጀመረውን «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» እንውሰድ። ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ ነው። ከውሃ በላይ እንደ ተራራ ቢታይም ከውሃ በታች ያለው አካሉ 9 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ስለዚህ የውሃው ጥልቀት 12 ወይም 13 ሜትር ከሆነ በዝግታ ያልፋል። ቦዩ ከባሕር ዳርቻው መቶ ሜትር ርቀት ላይ ከተቆፈረ መርከቡም የሚያልፈው እዚያው ነው። ምርጫ የለውም።

በነገራችን ላይ ዜና ላይ «250 ሺህ ቶን የሚመዝን መርከብ» ሲባል ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ግሮስ ቶኔጅ የሚባለው ቁጥር ክብደት ሳይሆን የመርከቡን የውስጥ ይዘት የሚለካ ነው። ክሩዝ ባብዛኛው ክፍል፣ አዳራሽና አየር ስለሆነ ትክክለኛ ክብደቱ ከዚያ በጣም ያንሳል። ይህ ነጥብ ነፋስ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

የማይታየው መንገድ እንዲታይ ምልክት ይደረግበታል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ቀይና አረንጓዴ ተንሳፋፊ ምልክቶች በሰንሰለት ታስረው ይቆማሉ። ከባሕር ወደ ወደብ ሲገቡ በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በአብዛኛው እስያ ቀዩ በግራ ነው። በአሜሪካ አህጉራት፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ደግሞ ቀዩ በቀኝ ይሆናል። ለምን ዓለም አንድ ማድረግ አቃተው ብትሉ፣ ሁለቱም ወገን የለመደውን መተው አልፈለገም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላ ብልሃት ነው። በቦዩ አቅጣጫ ልክ የብስ ላይ ሁለት መብራቶች ይተከላሉ። የፊተኛው ዝቅ፣ የኋለኛው ከፍ ብሎ። ከመርከቡ ሲታዩ አንዱ በሌላው አናት ላይ በቀጥታ ከተደረደሩ መርከቡ የቦዩን መሐል ይዟል ማለት ነው። የላይኛው ወደ ቀኝ ሸሽቶ ከታየ መርከቡ ወደ ቀኝ ወጥቷል። ሳተላይት ከመኖሩ በፊት የነበረ ዘዴ ነው። ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ዝግ ብሎ መሄድ አይሻልም?

የመርከብ መሪ ከኋላ በኩል በውሃ ውስጥ የተሰቀለ ሰፊ የብረት ሰሌዳ ነው። መርከቡን የሚያዞረው በላዩ ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው። ውሃው ካልፈሰሰ መሪው ቢዞርም ምንም አያመጣም። መርከቡ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ለመሪው ያለው ታዛዥነትም አብሮ ይቀንሳል። በጣም ሲዘገይ መርከቡ ይንሳፈፋል እንጂ አይነዳም።

ነፋሱ ደግሞ አይዘገይም። የክሩዝ ጎን ማለት 300 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ነው ብለን እናስብ። በሰከንድ 15 ሜትር የሚሄድ ነፋስ በቀጥታ ከጎን ቢመታው የሚገፋው ኃይል በግምት ከ150 ቶን በላይ ይሆናል። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጠዋት በሰላም የተገባበት ወደብ ከሰዓት በኋላ የሚዘጋው። ነዳጅ የጫነ መርከብ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነፋስ ያን ያህል አይደፍረውም። ክሩዝ ግን ከላይ ሰፊ፣ ከታች አጭር ነው።

ካፒቴኑ ነፋሱን የሚቋቋመው አፍንጫውን ትንሽ ወደ ነፋሱ በማዞር ነው። መርከቡ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሰያፍ ይጓዛል። እዚህ ጋ ቀላል ስሌት እንሥራ። 300 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሜትር ወርድ ያለው መርከብ በቀጥታ ሲሄድ የሚይዘው የመንገድ ስፋት 40 ሜትር ነው። 5 ዲግሪ ሰያፍ ሲሆን 66 ሜትር ይይዛል። 10 ዲግሪ ሲሆን 91 ሜትር።

አሁን መርከቡ በ8 ኖት ይሄዳል እንበል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱን ለመቋቋም 5 ዲግሪ በቂ ነው። ካፒቴኑ «ጠባብ ነውና ቀስ ልበል» ብሎ ወደ 4 ኖት ቢያወርድስ? ነፋሱ የሚገፋው እኩል ነው፤ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ግን ግማሽ ሆኗል። ቦዩን ላለመልቀቅ ወደ 10 ዲግሪ መዞር ይኖርበታል። ያው መርከብ ፍጥነት ስለቀነሰ ብቻ በአንድ ጊዜ 25 ሜትር ያህል «ወፈረ»። በጠባብ ቦይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሺ፣ ፈጠን ቢልስ?

ያኔ ደግሞ ውሃው ይነሳበታል።

መርከብ ወደፊት ሲሄድ ከፊቱ ያለው ውሃ በጎኑና በሆዱ ሥር አልፎ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ጥልቀት በሌለው ቦታ መውጫው ጠባብ ስለሆነ ውሃው ይፈጥናል። ውሃ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። መርከቡም ወደ ታች ይሰምጣል፤ ወለሉ ወደ መርከቡ የቀረበ ያህል ነው። ይህ ስምጠት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስምጠቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ግራና ቀኙ የተዘጋ ቦይ ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

በነሐሴ 1992 «ኩዊን ኤልዛቤት 2» የተባለው ዝነኛ መርከብ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አቅራቢያ የባሕር ወለል ነካ። በ25 ኖት ገደማ እየሄደ ነበር። ካርታው በቂ ውሃ እንዳለ ያሳይ ነበር። ግን ድንጋዮቹ ካርታው ላይ አልነበሩም። መርከቡም በፍጥነቱ ምክንያት ካሰቡት በላይ ሰምጦ ነበር። የአካባቢውን ውሃ የሚያውቅ መንገድ መሪ (ፓይለት) ተሳፍሮ ነበር፤ ልምድ ያላቸው መኮንኖችም ነበሩ። ሰው አልተጎዳም፤ የመርከቡ ሆድ ግን ተቀደደ።

ይህንኑ ስምጠት ለጥቅም ያዋሉትም አሉ። በ2009 የመከር ወራት «ኦአሲስ ኦፍ ዘ ሲስ» ከፊንላንድ ተሠርቶ ሲወጣ የዴንማርክን ትልቁን ድልድይ ማለፍ ነበረበት። ከድልድዩ በታች ያለው ክፍት ቦታ 65 ሜትር ነው። መርከቡ 72 ሜትር። የጭስ ማውጫዎቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ሆነው ስለተሠሩ ዝቅ ተደረጉ። ከዚያ ካፒቴኑ ፍጥነት ጨመረ። መርከቡ ትንሽ ሰመጠና በሥሩ ሾልኮ አለፈ። ከድልድዩ ሥር ሲደርሱ ፍጥነት መጨመር! ለሚያየው ሰው እብደት ይመስላል። ለሚያውቀው ሒሳብ ነው።

የፍጥነት ጣጣ በዚህ አያበቃም። መርከቡ ወደ ቦዩ አንድ ጠርዝ ከተጠጋ በዚያ በኩል ያለው ውሃ ይጠብና ይፈጥናል። የኋላው ጫፍ ወደ ጠርዙ ይሳባል፤ አፍንጫው ደግሞ ወደ ሌላው ጠርዝ ይገፋል። መሪ ሳይነካ መርከቡ በራሱ መዞር ይጀምራል። በመጋቢት 2021 «ኤቨር ጊቭን» ስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን ሲዘጋ ብዙ ባለሙያዎች ያነሱት አንዱ ነገር ይኸው ነበር። ያ ጭነት መርከብ ነው። ውሃው ግን ቱሪስትና ኮንቴይነር አይለይም።

በዚህ ላይ ዳር የታሰሩ ሌሎች መርከቦች አሉ። በፍጥነት የሚያልፍ ትልቅ መርከብ ይስባቸዋል፤ ገመዳቸው ሊበጠስ ይችላል። ዳር የሚዋኝ ሰውም ይነካዋል። መርከቡ ሲቃረብ ውሃው መጀመሪያ ከዳር ይሸሻል፣ አሸዋው ይገለጣል። ትንሽ ቆይቶ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። ልጆች ውሃው ሲሸሽ ተከትለው ይሮጣሉ። ጥሩ አይደለም።

እንግዲህ ካፒቴኑ ከሁለት በኩል ተይዟል። ቢዘገይ ነፋሱ፣ ቢፈጥን ውሃው። ለየወደቡ፣ ለየመርከቡና ለየዕለቱ አየር በመካከል አንዲት ጠባብ የፍጥነት ክልል አለች። የነፋስ ገደብ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ነፋሱ ከተወሰነ በላይ ከሆነ ያቺ ክልል ጭራሽ ትጠፋለች። ያኔ መርከቡ ወደቡን ዘሎ ይሄዳል። መንገደኛው ያማርራል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነው።

መርከብ እንዴት ይታጠፋል?

መኪና የፊት ጎማውን ተከትሎ ይዞራል። መርከብ እንደዚያ አይደለም። ወደፊት እየሄደ ሲታጠፍ የሚሽከረከርበት ነጥብ ከአፍንጫው ብዙም አይርቅም፤ ከርዝመቱ ሲሶ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ አፍንጫው ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ጅራቱ ወደ ውጭ በሰፊው ይወረወራል። ረጅም መሰላል ተሸክሞ ኮሪደር ውስጥ የዞረ ሰው ያውቀዋል። ከፊት አልፌያለሁ ሲል ከኋላ ግድግዳውን ይመታል።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መሪ መጠምዘዝ ደግሞ ዘግይቷል። ትልቅ መርከብ ሲታዘዝ ወዲያው አይዞርም፤ መዞር ከጀመረም ወዲያው አያቆምም። በመሆኑም መሪው የሚጠመዘዝበት ነጥብ ከጉዞው በፊት ካርታ ላይ ይሰመራል። በደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደሚዞርም አብሮ ይወሰናል። ተራው ሲደርስ የሚደረገው ዕቅዱን መከተልና ልዩነቱን ማረም ብቻ ነው። መዞር ሲጀምር የሚያስቆመው ተቃራኒ መሪም የሚሰጠው አቅጣጫው ከመድረሱ በፊት ነው።

በፍጥነት ላይ ሳሉ መሪ በደንብ መጠምዘዝ ምን እንደሚያመጣ በሐምሌ 2006 ታይቷል። «ክራውን ፕሪንሰስ» ከፍሎሪዳው ፖርት ካናቬራል ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አንድ መኮንን አውቶማቲኩን አጥፍቶ በእጁ ሲያዞር መርከቡ ወደ 24 ዲግሪ አዘነበለ። የመዋኛ ገንዳው ውሃ ተደፋ፣ ዕቃው ሁሉ ተንሸራተተ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ተጎዱ። መርከቡ ግን ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨም።

ዘመናዊ ክሩዞች እንደ ድሮዎቹ አይደሉም። ብዙዎቹ ሰሌዳ መሪ የላቸውም። በእሱ ፋንታ አዚፖድ የሚባል አላቸው። ከመርከቡ ሆድ በታች የተሰቀለ ትልቅ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፕሮፔለሩ እዚያው ላይ ነው። ሙሉ ዙር ስለሚሽከረከር ግፊቱን ወደፈለጉት አቅጣጫ ያዞሩታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩዝ ላይ የተገጠመው በ1998 «ካርኒቫል ኢሌሽን» ላይ ነው። ከፊት ደግሞ ከጎን ወደ ጎን በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ የተገጠሙ ፕሮፔለሮች አሉ። ትራስተር ይባላሉ። አፍንጫውን ወደ ጎን ይገፋሉ። የኦአሲስ ዓይነት መርከቦች አራት ትራስተር አላቸው፣ እያንዳንዱ 5.5 ሜጋዋት።

እነዚህ ባሉበት ክሩዝ በገዛ ርዝመቱ ውስጥ መሽከርከር ይችላል። ጎታች ጀልባ ሳያስፈልገው ወደ ጎን ሄዶ ይቆማል። ግን እዚህም ፍጥነት ጣልቃ ይገባል። ትራስተር የሚሠራው በዝግታ ሲሄዱ ነው። መርከቡ ከ4 እና 5 ኖት በላይ ሲሄድ ጉልበቱ በጣም ይደክማል። ስለዚህ መተላለፊያው መሐል ላይ፣ በ8 ኖት ላይ ሳለ፣ ትራስተሩ እምብዛም አያድንም።

መርከቡን የሚነዳው ማነው?

ካፒቴኑ ዓለምን ዞሮ ሊሆን ይችላል። የዚህን ወደብ ደለል፣ የዛሬውን የውሃ ፍሰት፣ ከዚያ ማማ አጠገብ ነፋሱ እንዴት እንደሚጠመዘዝ የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። የወደብ ፓይለት ይባላል። በአብዛኞቹ ወደቦች ትልቅ መርከብ ያለ ፓይለት መግባት አይፈቀድለትም። አንዳንድ ቦታ በተደጋጋሚ የሚመላለሱ ካፒቴኖች ተፈትነው ይፈቀድላቸዋል።

አሳፋፈሩ ራሱ ሥራ ነው። መርከቡ አይቆምለትም። ትንሽ ጀልባ ከመርከቡ ጎን ተለጥፋ በእኩል ፍጥነት ትሮጣለች። መርከቡ አካሉን ዞር አድርጎ ነፋሱን ይከልልላታል። ከመርከቡ ጎን ካለ በር የገመድ መሰላል ይወርዳል። ፓይለቱ ጀልባዋ በሞገዱ እስክትነሳ ይጠብቃል። ጫፍ ላይ ስትደርስ መሰላሉን ይዞ ይወጣል። ቀድሞ ከረገጠ ጀልባዋ ተነስታ እግሩን ልትመታው ትችላለች። ከ9 ሜትር በላይ በገመድ መሰላል ብቻ ማስወጣት በዓለም አቀፍ ደንብ አይፈቀድም። ክሩዞች በሩን ዝቅ አድርገው ስለሚሠሩት መውጫው አጭር ነው።

ፓይለቱ መሪ ክፍል ሲገባ ሰላምታ ተለዋውጦ ቀጥታ ወደ ወሬ ነው። ከሥራችን ስንት ሜትር ውሃ አለ? ነፋሱስ? የሚጎድል ሞተር አለ? የት እንዞራለን? ባይሆን የት እንቆማለን? ካፒቴኑ ስለ መርከቡ፣ ፓይለቱ ስለ ውሃው ይናገራል። ሁለቱ ዕቅድ ካልተስማሙ ማስተካከያው ሰዓት ያኔ ነው። መታጠፊያው ላይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ትዕዛዝ ይወጣል። ፓይለቱ «መሪ ወደ ቀኝ አሥር» ይላል። መሪ የያዘው ሰው «መሪ ወደ ቀኝ አሥር» ብሎ ይደግማል። ጠምዝዞ ሲጨርስ «መሪው ቀኝ አሥር ላይ ነው» ይላል። ፓይለቱ ጠቋሚውን አይቶ ያረጋግጣል። አሰልቺ ይመስላል። ግን ቀኝና ግራ የሚሳሳት ሰው አለ፣ እዚህ ደግሞ ስህተቱ የሚታወቀው ቶሎ ነው።

ኃላፊነቱስ? ፓይለቱ ቢያዝም መርከቡ ከካፒቴኑ ትከሻ አይወርድም። አደገኛ ነው ብሎ ካመነ መሻር ይችላል፤ ይገባዋልም። የታወቀው ልዩነት ፓናማ ካናል ነው። እዚያ የመርከቡን አካሄድ የሚቆጣጠረው ፓይለቱ ነው።

ሰዎች ይህን ርዕስ ሲሰሙ «ኮስታ ኮንኮርዲያ»ን ያነሳሉ። በጥር 2012 በጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መትቶ 32 ሰዎች የሞቱበት ነው። ሁለቱን መደባለቅ ግን ልክ አይደለም። ያ መርከብ ወደ ወደብ እየገባ አልነበረም፤ ምልክት በተደረገበት መተላለፊያም አልነበረም። ፓይለትም አልነበረውም። ካፒቴኑ ደሴቷን ቀርቦ ለማሳየት መንገዱን ቀይሮ ነው። በፍጥነት፣ በጨለማ። ትምህርቱ የተወሰደው ሌላ ጋ ነው። አለቃ ሲሳሳት «ኧረ ቆይ» የሚል ሰው መኖር አለበት። ዛሬ በትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ መኮንን ይነዳል፣ ሌላው እያንዳንዱን እርምጃ ያጣራል፣ ካፒቴኑ ከኋላ ቆሞ ጠቅላላውን ያያል። ካርኒቫል የተባለው የክሩዝ ኩባንያዎች ቡድን ኔዘርላንድስ አልሜር ላይ ባለው ማሠልጠኛ መኮንኖቹ ይህን በማስመሰያ ማሽን ይለማመዳሉ። አዲስ ወደብ ሲታቀድም መርከቡ ከመሄዱ በፊት እዚያ ሃያ ጊዜ ሊገባና ሊጋጭ ይችላል።

ሞተሩ ቢጠፋስ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ከዳር መቶ ሜትር ላይ ያለ መርከብ ኃይል ካጣ ለማሰብ ጊዜ የለም።

በመጋቢት 2019 «ቫይኪንግ ስካይ» በኖርዌይ ዳርቻ ማዕበል ውስጥ ሳለ ሞተሮቹ በሙሉ ጠፉ። መርከቡ ሲናጥ በማጠራቀሚያው ያለው ዝቅ ያለ የሞተር ዘይት ወዲህ ወዲያ ሸሸና ሞተሮቹ ራሳቸውን አጠፉ። መልህቅ ጣሉ። ድንጋዩ ላይ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሞተር ተነሳ። በሄሊኮፕተር ከ400 በላይ ሰው ወጣ። በመጋቢት 2024 ደግሞ «ዳሊ» የተባለው የጭነት መርከብ ባልቲሞር ላይ መብራት ጠፋበትና ድልድዩን መትቶ ጣለው። ድልድዩ ላይ የነበሩ ስድስት የመንገድ ሠራተኞች ሞቱ።

ስለዚህ ወደ መተላለፊያ ከመግባት በፊት ኃይል ቢጠፋስ ብለው ይዘጋጃሉ። በክፍት ባሕር ለነዳጅ ቁጠባ የሚጠፉ ጄኔሬተሮች ይነሳሉ። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሸከም ነው። መሪዎቹና ወደኋላ መሄጃው ይፈተናሉ። መልህቁ ማሰሪያው ተፈትቶ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ነፋስ ካለ ጎታች ጀልባ ይታሰራል ወይም አብሮ ይጓዛል።

ጎታች ጀልባም ሁሉን አያድንም። በሰኔ 2019 ቬኒስ ላይ «ኤምኤስሲ ኦፔራ» ሁለት ጎታቾች ታስረውለት ነበር። መርከቡ መታዘዝ እምቢ አለ። ሊያስቆሙት ሲታገሉ ገመድ ተበጠሰ። እየተንሸራተተ ሄዶ የታሰረ የቱሪስት ጀልባና ዳርቻውን ገጨ። ጥቂት ሰዎች ቆሰሉ። ግንቡ ላይ የነበሩት ሰዎች ሲሮጡ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ።

መቆሙ አይከብድም?

ይከብዳል፤ ግን እዚህ ጋ መርከቡ ዝግ ስላለ ትራስተሮቹ ጉልበት አላቸው። ካፒቴኑ መሐሉን ትቶ ወደ መሪ ክፍሉ ጠርዝ ይሄዳል። ይህ ጠርዝ ከመርከቡ ጎን ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ብዙዎቹ ወለላቸው ላይ መስታወት አለ። እግሩ ሥር ዳርቻውን ቁልቁል ያያል። ትንንሽ እጀታዎች በእጁ ናቸው። ከኋላ ያለ መኮንን በሬዲዮ ርቀቱን ይጠራል፦ ሃያ ሜትር፣ አሥራ አምስት፣ አሥር። መጨረሻ ላይ ወደ ጎን የሚጠጋበት ፍጥነት በሰከንድ አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግጭቱን የሚያበርዱት የዳርቻው የጎማ ትራሶች አይበቁም።

አንዳንድ ከተሞች ለምን ይከለክላሉ?

ክልከላው ሁልጊዜ «ማለፍ አይችልም» ከማለት አይመጣም። መርከብ በሚገርም ጥበት ማለፍ ይችላል። በጥቅምት 2019 «ብሬማር» የተባለው ክሩዝ የግሪክን ኮሪንት ካናል አልፏል። የመርከቡ ወርድ 22.5 ሜትር፣ የካናሉ ወርድ 24 ሜትር ገደማ። በግራና ቀኝ አንድ ሜትር እንኳ አልተረፈም።

ጥያቄው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ምን ይገጫል የሚለው ነው። ኮሪንት ላይ ድንጋይ ነው። ቬኒስ ላይ ግን በሰው የተሞላ ዳርቻና የዘመናት ሕንፃ። ሞገዱ መሠረቱን ያናጋል የሚለው ቅሬታም ከድሮ የነበረ ነው። ጣሊያን ከነሐሴ 1፣ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ግሮስ ቶኔጅ በላይ ወይም ከ180 ሜትር በላይ የሆኑ መርከቦች በቬኒስ የጁዴካ መተላለፊያ እንዳይገቡ አገደች። ትልልቆቹ አሁን ወደ ማርጌራ የኢንዱስትሪ ወደብና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። ቬኒስን ከመርከቡ ሰገነት ማየት ቀረ ማለት ነው።

ጀልባ ወይም ካያክ ላይ ብሆንስ?

መንገዱ የትልቁ ነው። በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ መተላለፊያ ደንብ ከ20 ሜትር በታች የሆኑ ጀልባዎችና ሸራ ጀልባዎች በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ብቻ መሄድ የሚችለውን መርከብ ማደናቀፍ የለባቸውም። እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ከዚህም ይከራል። እዚያ በተወሰነው ክልል ከ150 ሜትር በላይ የሆነ መርከብ ሲያልፍ ከፊቱ 1,000 ሜትር፣ ከግራና ከቀኙ 100 ሜትር የተከለከለ ቦታ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ጀልባ ያን መንካት አትችልም።

አንድ ምክንያት ዕይታ ነው። ደንቡ ከአፍንጫው ፊት እስከ 500 ሜትር የሚደርስ የማይታይ ውሃ ይፈቅዳል። የክሩዝ መሪ ክፍል ወደ ፊት ስለሆነ ከኮንቴይነር መርከብ ይሻላል። ቢሆንም ከታች ቅርብ ያለን ካያክ ላያየው ይችላል። ቢያየውም በዚያ ርቀት ማቆም አይችልም። መዞርም አይችልም፤ ቦታ የለውም።

ከአምስት ያላነሱ አጫጭርና ፈጣን ጥሩምባዎች ከሰማችሁ ሰላምታ አይደለም። «ምን ልታደርጉ እንደሆነ አልገባኝም» ማለት ነው። ያኔ ከቀይና አረንጓዴ ምልክቶቹ ውጭ፣ ጥልቀት ወደሌለው ወገን መቅዘፍ ነው። ክሩዙ እዚያ ድረስ ሊመጣ አይችልም።